ከመፈረማችሁ በፊት፦ ለጀማሪ የጥርስ ሐኪሞች የመጀመሪያ የሥራ ውል መመሪያ

የጥርስ ሕክምና ተማሪ በትምህርት ዘመኑ መንጋጋ እንዴት እንደሚደነዝዝ፣ የጥርስ ሥር እንዴት እንደሚጸዳ፣ ሕፃን ልጅ ወንበሩ ላይ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ይማራል። የሥራ ውል እንዴት እንደሚነበብ ግን ማንም አያስተምረውም። ተመርቆ፣ የብቃት ምዘና ፈተናውን አልፎ፣ የሙያ ፈቃዱን በእጁ ካስገባ በኋላ የአንድ የግል ክሊኒክ ባለቤት ሁለት ገጽ ወረቀት ፊቱ አስቀምጦ «እዚህ ጋ ፈርምበት» ይለዋል። አብዛኛው ሰው ይፈርማል። ሥራ መገኘቱ ራሱ እፎይታ ነው። ቤተሰብም ይጠብቃል። ገና ሳይሠሩ ስለ ገንዘብ ማውራት ደግሞ ስግብግብነት ይመስልና ይሉኝታ ይይዛል።

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ውስጥ በግል የጥርስ ክሊኒክ ወይም በግል ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትቀጠሩ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ደመወዝ በደረጃና በእርከን ተወስኖ ስለሚመጣ የመደራደሪያ ቦታው ጠባብ ነው። በግሉ ዘርፍ ግን ብዙው ነገር ለንግግር ክፍት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን መብት አስቀምጦላችኋል። ከዚያ በታች የሚያወርዳችሁ ውል በሕግ ፊት አይጸናም፤ ከዚያ በላይ ያለው የእናንተ ንግግር ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጀማሪ ሐኪም መጀመሪያ መደራደር ያለበት ለአንድ ታካሚ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጠው፣ ምን ዕቃ እንደሚቀርብለት፣ ሲቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ ነው። የደመወዙ ቁጥር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እጃችሁ የለመደው ነገር ለረጅም ጊዜ አብሯችሁ ይኖራል። ችኮላ የለመደ እጅ ሌላ ክሊኒክ ሲሄድም ይቸኩላል። አነስተኛ ደመወዝ በሚቀጥለው ውል ሊስተካከል ይችላል፤ የተበላሸ የሥራ ልማድ ግን በቀላሉ አይስተካከልም። በእርግጥ የተራበ ሐኪምም ጥሩ ሐኪም ሊሆን አይችልምና ስለ ብሩም በዝርዝር እናወራለን።

መጀመሪያ፦ ክሊኒኩን ሄዳችሁ እዩ

ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ የባለቤቱን ቢሮ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። «ዶክተር፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ግማሽ ቀን መጥቼ ሥራውን ልመልከት» በሉ። ጥያቄው ጨዋ ነው፣ ለሥራው ያላችሁን ፍላጎትም ያሳያል። የሚከለክል ካለ፣ መከልከሉ ራሱ መልስ ነው።

ስትሄዱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ኦቶክሌቩ ላይ ይሁን። ይሠራል? በቀን ስንት ጊዜ ይጫናል? ዕቃው ታሽጎ ነው የሚገባው? ኦቶክሌቩ አንዴ ተጭኖ ዕቃው ደርቆ እስኪወጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የመመርመሪያ ስብስቡ ስንት እንደሆነ ቁጠሩና ከቀኑ ታካሚ ብዛት ጋር አስተያዩት። ሃያ ሰው በሚታይበት ቀን ሦስት ስብስብ ብቻ ካለ፣ ማምከኑ የሆነ ቦታ ላይ እየተዘለለ ነው ብላችሁ መጠርጠር አለባችሁ። ሃንድፒሱስ በየታካሚው ይመክናል ወይስ በአልኮል ተጠርጎ ወደሚቀጥለው አፍ ይገባል?

ቀጥሎ ኤክስሬዩን እዩ። ኤክስሬይ ሳይኖረው ሩት ካናል የሚሠራ ክሊኒክ በእናንተ ስም ነው በግምት የሚሠራው፤ በካርዱ ላይ የሚያርፈው የእናንተ ፊርማ ነውና። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ። ግማሽ የተሰረሰረ ጥርስ ይዞ በጨለማ የተቀመጠ ታካሚ የሚጠይቀው የመብራት ኃይልን ሳይሆን እናንተን ነው። ለአንድ ሐኪም አንድ አሲስታንት መኖሯንም አረጋግጡ። አንዷ ለሦስት ወንበር የምትሮጥ ከሆነ ሳክሽኑን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ ሰዎቹን አናግሩ። ከባለቤቱ ይልቅ ብዙ የምታውቀው አሲስታንቷ ናት። ከእናንተ በፊት በዚያ ወንበር የነበረው ሐኪም ስንት ጊዜ ቆየ? ለምን ሄደ? ከተቻለ ራሱን ፈልጋችሁ በስልክ አግኙትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ደመወዝ በቀኑ ይገባል ወይ? ሕክምናን በተመለከተ ባለቤቱ ጣልቃ ይገባል ወይ? የጥርስ ሐኪሞች ማኅበረሰብ በአገራችን ትንሽ ነው፤ በአንድ ክፍል ጓደኛ በኩል የማይደረስበት ሰው የለም።

በመጨረሻ፣ ከእናንተ በላይ ልምድ ያለው ሐኪም በሥራ ሰዓት እዚያው ግቢ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። የታችኛው መንጋጋ የተቀበረ ጥርስ ነቅላችሁ ሥሩ ተሰብሮ ሲቀር «ዶክተር፣ አንዴ ይዩልኝ» የምትሉት ሰው ያስፈልጋችኋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ያለበት ክሊኒክ ደመወዙ በመጠኑ ቢያንስም ይሻላል። ይህን ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

ሁለተኛ፦ ውሉ የምን ውል ነው?

ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ከደመወዙ በፊት ርዕሱን አንብቡ። አንዳንዱ «የሥራ ውል» ይላል፤ አንዳንዱ «የሙያ አገልግሎት ውል» ይላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። አዋጅ 1156 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። በዚህ መልክ ከፈረማችሁ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የአሠሪ የጡረታ መዋጮ የሚባል ነገር በሕጉ አይኖራችሁም፤ ግብራችሁንም ራሳችሁ ታስታውቃላችሁ። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ብሬስ ለሚያስር ስፔሻሊስት ይህ ውል ሊመቸው ይችላል። በክሊኒኩ ሰዓት ለምትገቡና ለምትወጡ፣ በክሊኒኩ ወንበርና ዕቃ ለምትሠሩ፣ በባለቤቱ አመራር ሥር ላላችሁ ጀማሪዎች ግን ቦታው አይደለም። እናንተ ሠራተኞች ናችሁ፤ ውላችሁም «የሥራ ውል» መባል አለበት።

ሁለተኛው የምታዩት ነገር ጊዜው ነው። ብዙ ክሊኒኮች «ለአንድ ዓመት የሚቆይ፣ የሚታደስ» ብለው ይጽፋሉ። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ ለጊዜው የተለየን ሠራተኛ ለመተካት ወይም ከተለመደው ውጪ ለበዛ ሥራ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሆነ ክሊኒክ ውስጥ የዘወትር ሥራ ለሚሠራ ሐኪም እነዚህ ምክንያቶች አይገኙም። «ላልተወሰነ ጊዜ» እንዲባል ጠይቁ።

ሦስተኛው የማዕረግ ስም ነው። ገና በተቀጠራችሁበት ወር «ሜዲካል ዳይሬክተር» ብለው ሊሾሟችሁ ይችላሉ። ደስ ይላል፤ ግን ተጠንቀቁ። ድርጅቱን የመምራት፣ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው በሕጉ «የሥራ መሪ» ይባላል፤ የሥራ መሪ ደግሞ ከአዋጁ ጥበቃ ውጪ ነው። ክሊኒኩ ሲመረመርና ጉድለት ሲገኝበትም መጀመሪያ የሚጠራው ስሙ በኃላፊነት የተመዘገበው ባለሙያ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ?

«ሠላሳ ሺህ ብር እንከፍላለን» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ?» የሚል መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሳታሰሉት አይታያችሁም።

በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት ከመቀጠር ገቢ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ደመወዙ ከ14,000 ብር ካለፈ አቋራጩ ስሌት በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። ጥቅል 30,000 ብር ላይ ግብሩ 8,450 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 2,100 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 19,450 ብር ነው። በተቃራኒው 30,000 የተጣራ ከተባለ ጥቅሉ ወደ 48,190 ብር ይጠጋል። አሠሪው በዚያ ላይ የራሱን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይከፍላል። ስለዚህ ውሉ ላይ የሚጻፈው ጥቅሉ ደመወዝ በአኃዝና በፊደል ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ነገር አለ። ክሊኒኩ ውሉ ላይ ትንሽ ደመወዝ ይጽፍና ቀሪውን በእጅ እከፍላለሁ ይላል፤ «ለእናንተም ግብሩ ይቀንስላችኋል» ብሎ እንደ ውለታ ያቀርበዋል። አትቀበሉ። ሕገወጥነቱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን የጡረታ መዋጯችሁ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያችሁ፣ የስንብት ክፍያችሁ የሚሰላው በተጻፈው ደመወዝ ነው። ባንክ ብድር ስትጠይቁ፣ ኤምባሲ ቪዛ ስትጠይቁ የሚታየውም ያው የተጻፈው ነው። በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ባለቤቱ ሲከፋው መጀመሪያ የሚቀረው ገንዘብ ነው።

አራተኛ፦ ፐርሰንቱ ከምን ላይ ነው?

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

በግል ክሊኒኮች ብዙ ጊዜ ክፍያ በሦስት መልክ ይመጣል፦ ደመወዝ ብቻ፣ ፐርሰንት ብቻ፣ ወይም መጠነኛ ደመወዝ ላይ ፐርሰንት። ለጀማሪ የሚበጀው ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያ ወራት የሚያውቃችሁ ታካሚ የለም፤ ወንበሩ ባዶ በሚውልበት ቀን በፐርሰንት ብቻ የሚሠራ ሐኪም በነጻ ነው የዋለው። ከዚህም የከፋው በታካሚው ላይ የሚያመጣው ፈተና ነው። የቤት ኪራይ ሳይከፈል ወሩ ሲያልቅ፣ በሙሌት የሚድን ጥርስ ክራውን የሚያስፈልገው መምሰል ይጀምራል። ራሳችሁን እዚያ ፈተና ውስጥ አትክተቱ። የሚያኖር መነሻ ደመወዝ ይኑራችሁ፤ ፐርሰንቱ ከዚያ በላይ ይምጣ።

ፐርሰንት ካለ ቁጥሩን ብቻ አትመልከቱ። ሠላሳ ከመቶ፣ አርባ ከመቶ ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከምን ላይ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ለምሳሌ ያህል አንድ ክራውን 10,000 ብር ይከፈልበታል፣ ላቦራቶሪው 3,000 ብር ያስከፍላል፣ የእናንተ ድርሻ 30 በመቶ ነው እንበል። ከሙሉው ላይ ከታሰበ 3,000 ብር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ የላብ ወጪው ተቀንሶ ከታሰበ 2,100 ብር ይሆናል። ከሙሉው ታስቦ የላቡን ግማሽ እናንተ ትሸፍናላችሁ ከተባለ 1,500 ብር ይቀራችኋል። ሦስቱም «30 ከመቶ» ናቸው። ስለዚህ ስሌቱ አንድ ምሳሌ ተሠርቶበት በውሉ ላይ ይጻፍ። ባለቤቱም ሒሳብ ሠራተኛዋም እናንተም አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ መድረሳችሁን በዚያው ታያላችሁ።

የሚከተሉትም ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። ፐርሰንቱ የሚታሰበው ሥራው ሲሠራ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? ከድርጅት ጋር በዱቤ የሚሠራ ክሊኒክ ሒሳቡን ለመሰብሰብ ወራት ሊፈጅበት ይችላል፤ እናንተ እስከዚያ ትጠብቃላችሁ? ከሥራ ከለቀቃችሁ በኋላ የገባው ገንዘብስ? ባለቤቱ ለወዳጁ ቅናሽ ሲያደርግ ቅናሹ ከማን ድርሻ ነው የሚወርደው? የባለቤቱ ውሳኔ ከሆነ ከባለቤቱ ድርሻ መውረድ አለበት፤ ይህን በግልጽ ጠይቁ። ሙሌት ወልቆ ታካሚው ሲመለስስ? የራሳችሁን ሥራ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያለ ክፍያ መድገም ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ እስከ ስድስት ወር። ከእናንተ በፊት የነበረ ሐኪም የሠራውን በነጻ መድገም ግን የክሊኒኩ ዕዳ ነው። ርካሽ ዕቃ ተገዝቶ በወር አሥር ሙሌት ቢወልቅም ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ስለዚህ የኮምፖዚቱና የሲሚንቶው ዓይነት ሲመረጥ ሐኪሙ እንደሚማከር የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ሪሴፕሽኗ ለማን ትልካለች? በተራ ካልሆነና ሁሉም ወደ ባለቤቱ ወንበር ከሄደ፣ ፐርሰንታችሁ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ የሕግ ነጥብ እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። አዋጁ «ደመወዝ» ሲል ኮሚሽንን፣ ቦነስን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና የመጓጓዣ አበልን አይጨምርም። ፐርሰንታችሁ ኮሚሽን ተብሎ ከተጻፈ፣ የስንብት ክፍያ ሲሰላ ከቁጥር ላይገባ ይችላል። በወር 40,000 ብር የምታገኙ፣ ከዚያ ውስጥ መነሻው 8,000 ብቻ የሆነ ሐኪሞች በሕግ ፊት የ8,000 ብር ደሞዝተኛ ሆናችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ። መነሻው ከፍ እንዲል የምወተውተው ለዚህም ጭምር ነው።

ፐርሰንት ከተስማማችሁ የሥራችሁን መዝገብ ራሳችሁ ያዙ። ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተከፈለው። የታካሚውን ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ምሥጢሩ መጠበቅ አለበት። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ከራሳችሁ ጋር አመሳክሩ። ውሉ ላይም የወሩን ዝርዝር በጽሑፍ የማግኘት መብት እንዳላችሁ ይጻፍ።

አምስተኛ፦ ሰዓትና የታካሚ ብዛት

ሕጉ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተከፍቶ ምሽት 2 ሰዓት የሚዘጋ ክሊኒክ ውስጥ ሳምንቱን በአንድ ሐኪም መሸፈን የሚፈልግ ባለቤት ይገጥማችኋል፤ ያ በስድስት ቀን 72 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይችልም። ክፍያውም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ የመግቢያና መውጫ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑና የምሽት ተራው ይጻፍ።

ከሰዓቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የታካሚ ብዛት ነው። ለአዲስ ታካሚ ምርመራ፣ ለሩት ካናል፣ ለመንቀል ቢያንስ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያዝ ተነጋገሩ። በመጀመሪያው ሦስት ወር ቀጠሮ ዘርዘር ብሎ እንዲያዝላችሁ፣ በኋላ እንዲጠጋጋ ሐሳብ አቅርቡ። ለባለቤቱም ይጠቅመዋል፤ ተቻኩሎ የተሠራ ሥራ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እሱ ክሊኒክ ነው።

የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ነው። የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ ከሙሉ ክፍያ ጋር። እነዚህ በሕግ ያላችሁ ናቸውና ውሉ ቢዘላቸውም አይጠፉም። ከዚህ የሚያሳንስ ነገር ተጽፎ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ።

ስድስተኛ፦ አደጋ ሲደርስ

መርፌ ይወጋችኋል፤ በዚህ ሙያ የማይቀር ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱን ዙር ካልጨረሳችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጀምሩ፤ ወጪውን ክሊኒኩ እንዲሸፍን ጠይቁ። በተወጋችሁ ሰዓት የት ሄዳችሁ መድኃኒት እንደምትጀምሩና ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይታወቅ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በፍጥነት፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና በዚያን ቀን ስልክ እየደወላችሁ አለቃ የምትፈልጉበት ጊዜ የለም። ጓንት፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ ማቅረብ በሕግ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ታካሚ ቢጎዳስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሐኪም በሙያው ቸልተኛ ከሆነ ራሱ ይጠየቃል፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳትም አሠሪው ኃላፊነት አለበት። ስለዚህ «ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ሐኪሙ ብቻ ኃላፊ ነው» የሚል አንቀጽ ካያችሁ እንዲወጣ ጠይቁ። ክሊኒኩ የሙያ ኃላፊነት መድን ካለው ስማችሁ መካተቱን በዓይናችሁ እዩ። ከሌለው እንዲገባ ተደራደሩ። «የሕክምናው ዓይነት የሚወሰነው በሐኪሙና በታካሚው ስምምነት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ቦታው እዚህ ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ከሆነ ይህ መስመር ከደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል።

ለተሰበረ ዕቃ ከደመወዝ እንቆርጣለን የሚል ካለም ወሰኑን እወቁ። በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ካልሆነ በቀር ያለ ጽሑፍ ስምምነታችሁ ከደመወዛችሁ መቁረጥ አይቻልም፤ በማንኛውም ሁኔታ በአንድ ወር ከደመወዙ ሲሶ በላይ አይቆረጥም።

ሰባተኛ፦ መውጫውን ስትገቡ እወቁት

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት የለም፤ ካለም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በእነዚያ ቀናት እናንተም አሠሪውም ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ትችላላችሁ። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚለው ሕጉን ይቃረናል። ከሙከራው በኋላ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ሳታስጠነቅቁ ብትሄዱ የምትከፍሉት ካሣ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። «ያለ ፈቃድ የለቀቀ የስድስት ወር ደመወዝ ይከፍላል» የሚል ወረቀት ሲያቀርቡላችሁ ይህን አስታውሱ።

ሥልጠና ልከው ግዴታ የሚያስፈርሙ ክሊኒኮች አሉ። ኢምፕላንት ለመማር መላክ መልካም ዕድል ነው፤ ግዴታው ግን የተወሰነ ገንዘብ፣ የተወሰነ ጊዜ፣ በሠራችሁ ቁጥር የሚቀንስ ዕዳ ይሁን። ግማሹን ዓመት ያገለገለ ሰው ሙሉውን መመለስ የለበትም። ዋስ ከተጠየቃችሁ፣ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በብር ካልተጻፈ ዋስትናው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ፈራሽ ነው፤ አባታችሁን ወይም አጎታችሁን መጠን በሌለው ወረቀት ላይ አታስፈርሙ። «ለቅቀህ በዚህ ከተማ አትሠራም» የሚል ካለ ወደ ጥቂት ወራትና ወደ ቅርብ ሠፈር እንዲጠብ ጠይቁ። የዲግሪያችሁን ዋና ቅጂ ለማንም አታስረክቡ፤ አሳዩና ፎቶ ኮፒውን ስጡ።

ስምንተኛ፦ እንዴት ይነገራል?

ወረቀቱ በተሰጣችሁ ቀን አትፈርሙ። «ዶክተር፣ ክሊኒክዎን ወድጄዋለሁ፤ እዚህ መሥራትም እፈልጋለሁ። ውሉን ቤት ወስጄ በደንብ ላንብበውና ሐሙስ መልሴን ይዤ ልምጣ» ብትሉ ማንም አይቀየምም። ቤት ሄዳችሁ ከላይ ያልናቸውን አስምሩ። የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አንድ ጊዜ ቢያነብላችሁ የሚከፈለው ዋጋ ከሚያድነው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ሐሙስ ስትሄዱ አሥራ አምስት ጥያቄ ይዛችሁ አትግቡ። የሚያስፈልጋችሁን ሦስት ምረጡ፤ ሌላውን በጨዋታ መሐል አንሡት። ደመወዙን መጨመር አልችልም ከተባላችሁ በሩን አትዝጉ፦ «ገብቶኛል። እንግዲያው ከስድስት ወር በኋላ ሥራዬን አይተው እንድንነጋገርበት ቀኑን ውሉ ላይ እናስፍረው፤ እስከዚያ የሲፒዲ ሥልጠናዬን ክሊኒኩ ይሸፍንልኝ» በሉ። የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ሥልጠናው ያስፈልጋችኋልና ይህ እውነተኛ ገንዘብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራው በዘመድ ወይም በቀድሞ መምህር በኩል ሲገኝ ነው። «እሱን አታስቢ፣ እኛ ጋ እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው» ይባላል። መልሱም በዚያው ፍቅር ይሁን፦ «እኔም እንደዚያ ነው የማየው ዶክተር። ለሁለታችንም ማስታወሻ እንዲሆነን አንድ መስመር እንጨምርበት።» በቅን ልብ ቃል የገባ ሰው ቃሉን ለመጻፍ አይቸገርም።

ስትፈርሙ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ፣ ማህተም ያለበትን አንድ ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። ያለ ጽሑፍ ሥራ ከጀመራችሁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘና የፈረመበት ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ጠይቁት። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የመጠየቅ መብት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይቋረጣል፤ «ይደርሳል» እየተባላችሁ ወሩን አታስቆጥሩ። ስትለቁም፣ በሥራ ላይ ሆናችሁ ስትጠይቁም፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ ማግኘት መብታችሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ለድርድር የማይቀርቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በአግባቡ ያልመከነ ዕቃ ነው። ሁለተኛው የሙያ ፈቃዳችሁን ለማትሠሩበት ክሊኒክ ማከራየት ነው፤ ቁጭ ብላችሁ በየወሩ ገንዘብ ይገባል፣ በስማችሁ ግን የማታውቁት ሰው ጥርስ ይነቅላል፣ ሰው ሲጎዳ የሚጠየቀው ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ከሁለቱ አንዱ ያለበት ቦታ የቱንም ያህል ቢከፍል አትፈርሙ።